ኮርቲዞን፣ ክብደታችንና የእኔ ስሕተት

 

ባለፈው እሑድ ከጉባኤያችን በኋላ ሻይ ስንጠጣ አንዲት እህታችን ጠጋ ብላ «ያንቺ ፊት እንዴት ተመለሰ? እኔ እኮ ይኸው አብጬ ልፈነዳ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ መድኃኒቱን ልተወው ነው» አለችኝ። እኔ ደግሞ ክው አልኩ። ምክንያቱም ይህንኑ ነገር እኔም አድርጌው ለጥቂት ነው የተረፍኩት። በዚያ ጫጫታ መሀል ሁሉንም ልነግራት ስላልቻልኩ ለጋዜጣችን እጽፈዋለሁ ብዬ ቃል ገባሁላት። «ሐኪም ሳታማክሪ ግን አንዲት ፍሬ እንዳታስቀሪ» ብዬም አስማልኳት። በመካከላችን ይህን መድኃኒት የምትወስዱ ሌሎችም እንዳላችሁ ስለማውቅ ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው የጻፍኩት።

ሐኪም አይደለሁም። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነው ወደዚህ ወደ ሊባኖስ የመጣሁት። የምጽፈው በራሴ ላይ የደረሰውን፣ ሐኪሜ ያስረዳኝንና ከዚያ ወዲህ አንብቤ የተረዳሁትን ነው። ይህ ጽሑፍ ሐኪምን አይተካም፤ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ግን ያሳውቃችኋል።

1. «ምች ነው» ያልኩት ሕመም

እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. በሐምሌ ወር ነው የጀመረኝ። ጣሪያ ላይ ልብስ አስጥቼ ስወርድ ከአፍንጫዬ ግራና ቀኝ ጉንጬ ላይ ሽፍታ ወጣብኝ። «ምች መታኝ» አልኩ። እናቴም በስልክ ስነግራት «ምች ነው ልጄ፤ ዳማ ከሴ አሽተሽ ተቀቢ» አለችኝ። ቤይሩት ውስጥ ዳማ ከሴ ከየት ይመጣል? ዝም አልኩ። ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ፤ መወልወያውን ጨምቄ መያዝ አቃተኝ። ጸጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ወጣ። ማታ ማታ ትኩሳት ያዘኝ። ማዳም መጀመሪያ ስንፍና መስሏት ነበር። በኋላ እግሬ ሲያብጥ ስታይ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ደምና ሽንት ተመረመርኩ። ውጤቱ ሉፐስ የሚባል በሽታ ሆነ። ዐረቦቹ «ዚእባ» ይሉታል፤ ተኩላ ማለት ነው።

ይህ በሽታ አይተላለፍም። በሳል፣ በምግብ፣ አብሮ በመተኛት አይያዝም። ማዳም ሳሕኔን መለየት ስትጀምር ሐኪሙ ራሱ ነው ይህን የነገራት። ከታማሚዎቹ ከ10 ሰው 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በእኛ ዕድሜ ላይ ሳሉ ይጀምራቸዋል።

2. ሰውነት ራሱን ሲመታ

ሁላችንም በደማችን ውስጥ ጀርም የሚዋጋ መከላከያ አለን። እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። ዘበኛው ሌባ መያዙን ትቶ የቤቱን ልጆች መደብደብ ቢጀምርስ? ሉፐስ ማለት ይኸው ነው። መከላከያችን የገዛ ቆዳችንን፣ መገጣጠሚያችንን፣ አንዳንዴም ኩላሊታችንን ይመታል። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ በሽታና ሌሎችም ከዚሁ ወገን ናቸው።

ዘበኛውን በፍጥነት ከሚያረጋጉት መድኃኒቶች ዋናው በተለምዶ ኮርቲዞን የምንለው ነው። በሐኪም ወረቀት ላይ ፕሬድኒዞሎን ወይም ፕሬድኒዞን ተብሎ ይጻፋል። ኮርቲዞን ለመጀመሪያ ጊዜ ለመገጣጠሚያ ታማሚ የተሰጠው በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሥራውን የሠሩት ኬንዳል፣ ራይክስታይንና ሄንች የሚባሉ ሊቃውንት በ1950 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት አግኝተውበታል። ከአልጋ መነሣት ያቃታቸው ሰዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥተው ይራመዱ ስለ ነበር ተአምር መስሎ ታይቶ ነበር። እኔም በ3ኛው ቀን ጣቶቼ ታጠፉ። አልቅሼ አመሰገንኩ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሐኪሞቹም ታማሚዎቹም የመድኃኒቱን ሌላ ፊት አዩ። እኔም አየሁት።

3. ለምን እንወፍራለን?

ከኩላሊቶቻችን በላይ የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች አሉ። እነዚህ ኮርቲዞል የሚባል ንጥረ ነገር በየቀኑ ይሠራሉ። የሚሠሩት መጠን በፕሬድኒዞሎን ሲመዘን በቀን 5 ሚሊ ግራም ያህል ነው። እኔ ሲጀመር የታዘዘልኝ 40 ሚሊ ግራም ነበር። ይህም ሰውነቴ በራሱ ከሚሠራው 8 እጥፍ መሆኑ ነው። ታዲያ ሰውነት ይህን ሁሉ ሲያገኝ እንደሚከተለው ይለወጣል፦

አንደኛ፣ ረሃብ ይመጣል። ተራ ረሃብ አይደለም። ሌሊት 9 ሰዓት ተነሥቼ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ደረቅ ኹብዝ እበላ ነበር። ሆዳም ሆኜ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ መድኃኒቱ ነው የሚቀሰቅሰው።

ሁለተኛ፣ ሰውነት ጨውና ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ሚዛን ላይ ከሚጨምረው ከፊሉ ውሃ ነው። የደም ግፊትም ከዚሁ ጋር ይጨምራል።

ሦስተኛ፣ ስቡ ቦታ ይለውጣል። ፊት፣ ማጅራትና ሆድ ላይ ይከማቻል። እጅና እግር ግን ጡንቻቸው ስለሚሟሽሽ ይቀጥናሉ። ስለዚህ ነው ሆዳችን ገፍቶ ደረጃ ለመውጣት ጉልበት የሚያንሰን።

አራተኛ፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ይጨምራል። በቤተሰቧ ስኳር በሽታ ያለባት እህት ይህን አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር።

ከክብደቱ ሌላ ብጉር፣ የፊት ጸጉር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ በትንሽ ነገር ማልቀስ ወይም መቆጣት፣ የወር አበባ መዛባት፣ ሲነኩት የሚበልዝ ስስ ቆዳ፣ ሆድና ጭን ላይ ሐምራዊ መስመር ይመጣሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ አጥንት ይሳሳል፤ ዐይንም ሞራ ሊያወጣ ይችላል። ሁሉም በሁላችን ላይ አይደርስም። መጠኑ በበዛና ጊዜው በረዘመ ቁጥር ግን ይብሳል። ዛሬ ሐኪሞች በሽታው ሲረጋ መጠኑን ቀስ በቀስ ወደ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በታች ለማውረድ የሚጥሩት ለዚህ ነው።

አንድ ነገር አስምሩበት፤ ይህ ሁሉ የስንፍና ወይም የሆዳምነት ውጤት አይደለም። መድኃኒቱ የሚያመጣው ነው።

4. የእኔ ስሕተት

በ4 ወር ውስጥ ከ51 ኪሎ ወደ 64 ኪሎ ሄድኩ። የዩኒፎርሜ ቁልፍ አልገጥም አለ። ለእናቴ ፎቶ ብልክላት እልል አለች! «ተመስገን ልጄ፣ ደልቶሻል ማለት ነው፤ ፊትሽ ጨረቃ መሰለ» አለችኝ። ሐኪሞቹ ደግሞ ይህን እብጠት «የጨረቃ ፊት» ነው የሚሉት። እሷ ደስ ብሏት ስትናገር እኔ ስልኩን አፍኜ አለቀስኩ። ታምሜአለሁ ብዬ ላስደነግጣት አልፈለግሁም። በሳምንቱ አንድ ዘመዳችን «ወፍረሻል አሉ፤ እስቲ እኛንም አስቢን» ብሎ ብር ጠየቀኝ። አገራችን ውስጥ ውፍረት የድሎት ምልክት አይደል? የታመመ ሰው ይከሳል እንጂ ይወፍራል ብሎ ማን ያስባል?

በዚህ ወገን ደግሞ ማዳም ሆዴን እያየች «ሓሚል?» አለችኝ፤ እርጉዝ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። አይደለሁም ብላት አላመነችኝም። ከፋርማሺያ መመርመሪያ ገዝታ መጣችና የመታጠቢያ ቤቱን በር ከፍታ ቆማ ሽንቴን አስመረመረችኝ። አይደለሁም። እሷ እሺ ብላ ሄደች። እኔ ግን ያን ቀን መስተዋት ፊት ቆሜ ያየኋትን ሴት ጠላኋት።

በማግሥቱ ጠዋት መድኃኒቱን አልዋጥኩም። ለማንም አልተናገርኩም። 40 ሚሊ ግራሙ ወደ 25 ወርዶልኝ ነበር፤ እኔ ከ25 በአንዴ ወደ ዜሮ አደረግሁት። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም አልሆንኩም። «ይኸው፣ ያለሱም እችላለሁ» አልኩ። በ3ኛው ቀን ክንዴን ማንሣት ከበደኝ። በ4ኛው ቀን ስነሣ ዐይኔ ይጨልም ጀመር፤ ምግብ አስጠላኝ፤ ሆዴን ቆረጠኝ። በ5ኛው ቀን አስመለሰኝ፤ መታጠቢያ ቤቱን እያጠብኩ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። ያገኙኝ ተይታ፣ የማዳም እናት፣ ናቸው። ጮኸው ሰው ጠሩ። አምቡላንስ መጥቶ ሲለካኝ የደም ግፊቴ 70 በ40 ነበር። ሐኪም ቤት እንደ ገባሁ በደም ሥሬ ውሃና ኮርቲዞን ሰጡኝ። ማታ ላይ ዐይኔን ገለጥኩ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። አልጋዬ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ለምን ተውሽው?» አለኝ። እኔም በተሰባበረ ዐረብኛዬ «ወፈርኩ፣ ሰው ሁሉ አየኝ» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ስለ ውፍረቱ አስቀድሜ ልነግርሽ ይገባ ነበር፤ አልነገርኩሽም። አሁን ልንገርሽ» አለኝ። ያን ቀን የነገረኝን ነው አሁን የምነግራችሁ።

5. ለምን በአንዴ አይቆምም?

ሁለቱን ትንንሽ ዕጢዎች አስታውሱ። ከውጭ ብዙ ኮርቲዞን ሲገባ ዕጢዎቹ «ሥራው ተሠርቷል» ብለው ይተኛሉ። አንድ ቤት ሁለት ሠራተኛ አለ እንበል፤ አዲሷ ሁሉንም ከሠራች የቀድሞዋ ትቀመጣለች፤ እጇም ሥራ ይረሳል። አዲሷ በአንድ ሌሊት ብትሄድ ቤቱን የሚይዘው ሰው የለም። ኮርቲዞን ከ3 ሳምንት በላይ የወሰደች ሴት ዕጢዎቿ ተኝተው ሊሆኑ ይችላሉ። በአንዴ ስትተወው ሰውነት ግፊቱንና ስኳሩን መጠበቅ ያቅተዋል። ከባድ ድካም፣ ስትነሡ ማዞር፣ ማስመለስ፣ የሆድ ሕመም፣ ከዚያም ራስን መሳት ይመጣል። ሕክምና ካልደረሰ ይገድላል። በዚያ ላይ በሽታው ራሱ ይነሣል።

ዕጢዎቹን ቀስ ብሎ መቀስቀስ ነው ያለው። መጠኑን ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ያወርዳል። የእኔ ወደ 5 ሚሊ ግራም ለመውረድ 10 ወር ፈጀ። ስለዚህ እነዚህን ያዙ፦

መድኃኒቱ ሊያልቅ ሲል ሳይሆን የ10 ቀን ሲቀረው ለማዳም ንገሩ። በዓልና የዕረፍት ቀን አለ፤ ገንዘብ የለም የሚባልበትም ቀን አለ።

ጠዋት፣ ከቁርስ ጋር፣ አንድ ጊዜ ውሰዱት። ማታ ከተወሰደ እንቅልፍ ይነሣል።

ትኩሳት ወይም ከባድ ሕመም ከያዛችሁ ሐኪም አማክሩ፤ ሰውነት በዚያን ጊዜ የሚፈልገው መጠን ይጨምራልና። አስመልሷችሁ መድኃኒቱ ሆድ ውስጥ አልቆይ ካለ አትጠብቁ፤ ሐኪም ቤት ሂዱና «ኮርቲዞን ነው የምወስደው» በሉ።

የመድኃኒቱን ስምና መጠን በወረቀት ጽፋችሁ ከኢቃማችሁ ጋር ያዙ። የጥቂት ቀን ፍሬም በቦርሳችሁ ይኑር። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲበረታ ስንቶቻችን ነን በለበስነው ልብስ የወጣነው? ያን ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ የነበሩት 14 ፍሬዎች ነፍሴን ይዘውልኛል።

6. በማዳም ኩሽና ውስጥ ምን ይደረጋል?

እኛ እንደ ሌላው ሰው «ይህን ገዝተሽ ብዪ» ብንባል አንችልም። የምንበላው ከቤቱ ነው። ቢሆንም የምንችለው አለ።

ጨው፦ ለአንድ ሰው በቀን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 5 ግራም፣ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ አገር ጨው የተደበቀው ወይራ ውስጥ፣ በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው አታክልት ውስጥ፣ ሐሉሚ አይብ ውስጥ፣ ማጊ ውስጥና በቆርቆሮ በታሸገ ምግብ ውስጥ ነው። እኔ ከወጡ ማጊ ከመግባቱ በፊት የራሴን ድርሻ በትንሽ ድስት አወጣለሁ። ዒርቅ ሱስ የሚባለውን ጥቁር ጣፋጭ መጠጥም ተውት፤ እሱም ጨውና ውሃ ያስይዛል፤ ግፊት ይጨምራል።

ስኳር፦ በሻይ 3 ማንኪያ የምታደርጉ በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምዳል። ፔፕሲና የታሸገ ጭማቂ ተዉ። የልጆቹን ትራፊ ኬክና ጥብስ ድንች ቆመን መጉረሳችንም ሳናውቀው ብዙ ነው። «ይጣላል፣ ግፍ ነው» ብለን ነው የምንበላው፤ እኔም እንዲሁ ነበርኩ።

ረሃቡ ሲመጣ፦ ባዶ ሆድ አትጠብቁት። ምስር፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ እንቁላል ቶሎ አያስርቡም። ኪያርና ሰላጣ እንደ ልብ ብሉ። ኹብዙን ግማሽ አድርጉት። እኔ ለሌሊት ረሃቤ የተቀቀለ እንቁላልና ኪያር አስቀምጥ ነበር።

አጥንት፦ ወተት፣ እርጎ፣ ከነአጥንቱ የሚበላ ሰርዲን ካልሲየም ይሰጣሉ። ሉፐስ ያለብን ፀሐይ መሸሽ ስላለብን ቫይታሚን ዲ ያንሰናል፤ ሐኪማችሁን ስለ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ ፍሬ ጠይቁ። ልብስ ለማስጣት ከፀሐይ በፊት ወይም አመሻሽ ላይ ውጡ፤ ረጅም እጅጌ ልበሱ።

እንቅስቃሴ፦ «ቀኑን ሙሉ እየሠራሁ ሌላ ምን እንቅስቃሴ?» ትላላችሁ። እውነት ነው። ለጭን ጡንቻ ግን ማታ ከወንበር ሳትደገፉ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ በቂ መጀመሪያ ነው።

ጾም፦ የምትጾሙ እህቶች፣ ኮርቲዞን በባዶ ሆድ አይወሰድም፤ ሰዓቱንም እንደ ልብ መለዋወጥ አይቻልም። ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳለ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የሃይማኖት አባታችሁን ጠይቁ እንጂ በራሳችሁ መድኃኒቱን አታቋርጡ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት ተመዘኑና ጻፉት። በየቀኑ አትመዘኑ፤ ልብ ያደክማል።

7. ሁሉም እብጠት አንድ አይደለም

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቡት። የኮርቲዞን ውፍረት በሳምንታትና በወራት ቀስ ብሎ ይመጣል። በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመራችሁ፣ ቁርጭምጭሚታችሁን በጣት ስትጫኑት ጎድጎድ ብሎ ከቀረ፣ ጠዋት የዐይናችሁ ዙሪያ ካበጠ፣ ሽንታችሁ አረፋ ከበዛው፣ ይህ ውሃ ነው፤ ምናልባትም ኩላሊት ነው። ቶሎ የሽንትና የደም ምርመራ ያስፈልጋል። «ከመድኃኒቱ ነው» ብላችሁ አትለፉት።

እንዲሁም ትኩሳት፣ የማያቆም ሳል፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የዐይን ብዥታ፣ ብዙ መጠማትና ቶሎ ቶሎ መሽናት፣ የማይለቅ የዳሌ ሕመም ካለ ንገሩ። ኮርቲዞን መከላከያን ስለሚያዳክም የተኛ ቲቢ ሊነሣ ይችላል። እናንተ ወይም አብሯችሁ የኖረ ሰው ቲቢ ታሞ ከነበረ ለሐኪሙ ተናገሩ። በባዶ እግራችን አፈር ላይ ያደግን ደግሞ በእግር ቆዳ ገብቶ አንጀት ውስጥ ለብዙ ዓመት ዝም ብሎ የሚኖር ትል ሊኖርብን ይችላል። በኮርቲዞን ጊዜ ይራባና ለሞት ያደርሳል። የዚህ አገር ሐኪም ላያስበው ስለሚችል እናንተ «የትል ምርመራ ይደረግልኝ» በሉ።

ለራስ ምታትና ለቁርጥማት ብላችሁ ብሩፌን ወይም ቮልታረን ከኮርቲዞን ጋር አትደርቡ፤ ጨጓራን ያቆስላል፤ ኩላሊትንም ይጎዳል። ፓናዶል በልኩ ይሻላል።

8. ሌሎቹ መድኃኒቶች

ሃይድሮክሲክሎሮኪን፦ ድሮ ለወባ የተሠራ ነው። የሉፐስ ዋና መድኃኒት ሆኗል። አያወፍርም። መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሽ ይሆናል። ሥራው የሚታየው ከ2 እና 3 ወር በኋላ ስለሆነ «አልሠራልኝም» ብላችሁ አትጣሉት። ዐይን በመጀመሪያ መታየት አለበት፤ ከ5 ዓመት በኋላ ደግሞ በየዓመቱ። እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ለኮሮና ያድናል ተብሎ ሰው ሲሻማበት በብዙ አገር ከፋርማሺያ ጠፍቶ ነበር። ለኮሮና እንደማይጠቅም ግን በዚያው ዓመት በምርምር ታወቀ።

ሜቶትሬክሴት፦ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚወሰደው። በየቀኑ የወሰደው ሰው ሊሞት ይችላል። ቀኑን ካሌንደር ላይ ክበቡት። ያቅለሸልሻል፤ አንዳንዱን ሰው ያከሳል። ፎሊክ አሲድ አብሮ ይታዘዛል። ጉበትና ደም በየጊዜው ይመረመራል። ፅንስ ይጎዳል።

አዛቲዮፕሪን፦ አያወፍርም። የደም ሴል ሊቀንስ ስለሚችል ደም ይመረመራል።

እነዚህ ሁለቱና መሰሎቻቸው የሚሰጡት በአብዛኛው ኮርቲዞኑን ለመቀነስ ነው። ስለዚህ ሐኪማችሁን «ኮርቲዞኑን የሚያስቀንስልኝ ሌላ መድኃኒት አለ ወይ?» ብላችሁ መጠየቅ መብታችሁ ነው። ማርገዝ የምታስቡ ግን አስቀድማችሁ ተናገሩ።

9. ሳይታመሙ ለሚወስዱት

በጣም ያሳዘነኝ ይህ ነው። ስወፍር ያዩ ሁለት ልጆች «እስቲ ከዚያ ፍሬ ስጪን፤ አገር ስንገባ ሞላ ብለን እንታይ» አሉኝ። ዴክሳሜታዞን የሚባለውን ለማወፈሪያ የሚሸጡ እንዳሉም ሰምታችኋል። እሱ ኮርቲዞን ነው፤ ከፕሬድኒዞሎን በብዙ እጥፍ የሚበረታ። ፊት ለማቅላት ከሚቀቡት ክሬሞችም ክሎቤታዞል የሚባል ብርቱ ኮርቲዞን ያለባቸው አሉ። እኔ የምወስደው ኩላሊቴን ለማዳን ነው። ጤነኛ ሰው ለቁንጅና ብሎ ስኳር፣ ግፊትና የሳሳ አጥንት እንዴት ይገዛል? ደግሞም እሱንም በአንዴ ሲተዉት እንደ እኔ መውደቅ አለ። አሁን የምትወስዱ ካላችሁ በድንጋጤ በአንዴ አትተዉት፤ ለሐኪም እውነቱን ንገሩና ቀስ ብሎ ይቀነስላችሁ።

10. ለማዳም እንዴት እንንገር?

ዝም ማለታችን ነው የጎዳኝ። ይህን በዐረብኛ አጥኑት፦ «አና ባኹድ ኮርቲዞን ኪል ዮም»፤ በየቀኑ ኮርቲዞን እወስዳለሁ። «ሚሽ ሓሚል፣ ሃይዳ ሚን ኤድዳዋ»፤ እርጉዝ አይደለሁም፣ ይህ ከመድኃኒቱ ነው። የሚቻል ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ራሱ ለማዳም እንዲነግራት ለምኑት። የእኔ ሐኪም ሲነግራት ፊቷ ተለወጠ። ይቅርታ አላለችኝም። ግን ከዚያ ወዲህ የወጡን ጨው እሷ ራሷ ቀንሳዋለች፤ ተይታም ግፊት ስላለባቸው አብረን ነው የምንበላው።

ለእናቴም ነገርኳት። አለቀሰች። ቀጥላ «ታዲያ ያ ጨረቃ ያልኩሽ…» ብላ ዝም አለች። «እማዬ፣ አንቺ ምን አጠፋሽ?» አልኳት።

ዛሬ 5 ሚሊ ግራም ነው የምወስደው። ክብደቴ 56 ኪሎ ነው። ወደ 51 አልተመለስኩም፤ ሆዴ ላይ ያሉት መስመሮችም ነጡ እንጂ አልጠፉም። ፊቴ ግን መጠኑ ከወረደ በኋላ በወራት ውስጥ ተመልሷል። ስለዚህ አንቺ እህቴ፣ ባለፈው እሑድ የጠየቅሽኝ፣ መልሴ ይኸው ነው። ፊትሽ ይመለሳል። እስኪመለስ ድረስ ግን መድኃኒቱን ዋጪ። አብጦ መኖር ይቻላል፤ የሚቀርበት መንገድም አለው። ሲመሽ ወለል ላይ ወድቆ የሚያገኝ ሰው ማጣት ግን አለ።

ሐኪም ቤት የምትሄጂበትን ቀን ንገሪኝ። ማዳም ከፈቀደችልኝ አብሬሽ እሄዳለሁ፤ ካልፈቀደችም በስልክ አስተረጉምልሻለሁ።

በየክፍላችን የምንወያይባቸው ጥያቄዎች

1. ኮርቲዞን በአንዴ የማይቆመው ለምንድን ነው? በራሳችሁ አባባል አስረዱ።
2. የመድኃኒቱን ውፍረትና የኩላሊትን እብጠት በምን እንለያለን?
3. በምትሠሩበት ቤት ኩሽና ውስጥ ጨው የተደበቀባቸውን 5 ነገሮች ቁጠሩ።
4. ከመካከላችን አንዷ ስትወፍር ስናይ «ደላሽ» ከማለት ይልቅ ምን ብለን እንጠይቃት?

በቸር ያገናኘን።

እህታችሁ፣ ከቤይሩት